ይለምዱታል

«እጃችሁን ከትሪው ላይ አንሱ! እኔ የጋበዝኩት ዓይናችሁን ብቻ ነው» አለች ሚሊሜትር የሚሏት መነጽር ሠሪ።

ሦስቱ የኮሌጅ ተማሪዎች እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰበሰቡ። የሥራ ክፍሉ ከመነጽር ቤቱ በመጋረጃ ብቻ የተለየ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሌንስ መለኪያ ማሽን፣ ውኃ እየረጨ ሌንስ የሚሞርድ አንድ ማሽን፣ አንድ የሚሽከረከር ወንበር። አራት ሰው ሲቆምበት አንዱ እንዲተነፍስ ሌላው ትንፋሹን መያዝ አለበት።

ሚሊሜትር ክቡን ሌንስ መለኪያው ላይ አስቀመጠች፣ ዓይኗን አስጠጋች፣ በቀይ ቀለም ሦስት ነጥብ አሳረፈችበትና በትሪው የቀኝ ጎድጓዳ ውስጥ አኖረችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ አድርጋ በግራው።

«ቀኝ ዓይን ማይነስ አንድ፣ ግራ ዓይን ማይነስ ሁለት ከሩብ። የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ዛሬ ረፋድ ላይ ይወስዱታል» አለች። ተማሪዎቹ ከጠረጴዛው ማዶ ስለቆሙ አንገታቸውን ሲያጣምሙ አየችና ትሪውን ወደ እነሱ አዞረችላቸው። «መሃለኛዋን ነጥብ አያችኋት? የዓይን ብሌን የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ሁለት ሚሊሜትር ከሳታችኋት ሰውየው ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲያመው ይውላል። ማታ ሚስቱን ይቆጣል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስንት ትዳር እንደሚድን ኮሌጅ አያስተምሯችሁም።»

ሳቁ። ጎተራ የሚያህል ቁመት ያለው ረጅሙ ልጅ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ከጠዋቱ ጀምሮ «ቲቸር» የሚላት እሱ ነበር። እሷም «ቲቸር አይደለሁም» ልትል ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ሁለት ጊዜ መልሳ ዘግታዋለች።

«ቲቸር፣ ትሪው ላይ ቀኝና ግራ ተብሎ ለምን አልተጻፈበትም?»

«ተጽፎ ነበር፣ ተፋቀ። እንደገና እንጻፍበት ሲሉ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ቀኝና ግራዋን የማታውቅ እዚህ ምን ትሠራለች?»

አንደኛውን ሌንስ ከትሪው አንስታ መያዣው ላይ ለጠፈችው። መሞረጃው ውስጥ ልትከተው ክዳኑን ስትከፍት ከኋላ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ይቅርታ… ትሪው ዞሮ የለም እንዴ?»

የተናገረችው ከመጣች ጀምሮ ቃል ያልወጣት ሦስተኛዋ ተማሪ ነበረች። ደረቷ ላይ ደብተር አቅፋለች።

«ምን አልሽ?»

«ለእኛ ሊያሳዩን ሲያዞሩት… ከዚያ አልመለሱትም። አሁን በቀኝዎ በኩል ያለው…»

ረጅሙ ልጅ አንዴ ዝምተኛዋን፣ አንዴ ሚሊሜትርን ያያል። ቀይ ቦርሳ ያነገተችው ሁለተኛዋ ተማሪ ስትነካካው የነበረውን ስልኳን አወረደች። ሚሊሜትር ትሪውን መለስ ብላ ብታየው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላየችውም። ያየችው ሦስት ጥንድ የኮሌጅ ዓይን ነው።

«የኔ እመቤት፣ ስንተኛ ዓመት ነሽ?»

«ሁለተኛ።»

«እኔ ስምንተኛ ዓመቴ ነው፤ ያውም በዚህችው ወንበር። ስመረቅ እጠራሻለሁ። እስከዚያ ዓይንሽን ስጪኝ፣ አፍሽን ለሻይ ሰዓት አቆይው።»

ረጅሙ ልጅ በሳቅ ፈነዳ። ዝምተኛዋ ጆሮዋ ቀልቶ ደብተሯ ላይ አጎነበሰች። ሚሊሜትር ክዳኑን ዘግታ ቁልፉን ተጫነች። መሞረጃው ውኃውን እየረጨ መጮህ ጀመረ። ከዚህ በኋላ ጥያቄ ቢኖርም አይሰማም።

ሚሊሜትር የሚለውን ስም ያወጣላት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሉት የመነጽር ቤቱ ባለቤት ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ስትመጣ ልትጠርግ ነበር የመጣችው። የተሞረደ ሌንስ ዱቄት ከወለሉ እየጠረገች፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ሁለት ዓመት የቀራቸውን ሽማግሌ ባለሙያ እጅ ስታይ ከረመች። የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ቤቷ ወስዳ፣ መዝገበ ቃላት ከጎኗ አድርጋ፣ ቃል በቃል ስትፈታው አንድ ክረምት ፈጀባት። ሽማግሌው ሲወጡ ወንበሩን የወረሰችው እሷ ናት። የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠችም። ይህን ማንም ሳይጠይቃት ትናገራለች፤ ሌላ ሰው ሲናገርባት ግን ሳምንት ታኮርፋለች።

ባለፈው ሳምንት ኮሌጁ ተማሪዎቹን ለአንድ ቀን ሥራ እንዲያዩ እንደሚልክ ሲጽፍ ጋሼ ደብዳቤውን ይዞ መጋረጃውን ገለጠ። «አዲሱን ቅርንጫፍ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አላት። «ሁሉም ዲፕሎማ ያለው ቅጠር ይሉኛል። እኔ አንቺን አውቃለሁ። ግን ኮሌጁ ራሱ ባለሙያ ናት ብሎ ከጻፈልኝ ማን ይናገረኛል?» እናቷ ያን ዕለት ነጩን ጋውን ሁለት ጊዜ አጠበችው፣ ሦስት ጊዜ ተኮሰችው።

መነጽሩ አለቀ። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ ያለቀ መነጽር ከመውጣቱ በፊት ተመልሶ መለኪያው ላይ ይወጣል፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ ወረቀቱ ላይ ይፈረማል። ሕጉን ያወጡት ሽማግሌው ናቸው። ሚሊሜትርም ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልዘለለችውም። ዛሬ ግን መነጽሩን ወደ ግድግዳው አንስታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ወዘወዘችው።

«ማሽኑ እጁን ለማያምን ነው» አለች። «እኔ ሌንስ ሲወዘወዝ ግድግዳው እንዴት እንደሚሄድ አይቼ ቁጥሩን እነግራችኋለሁ።»

እውነትም ትችላለች። ግን ግድግዳውን አልነበረም ያየችው፤ ረጅሙን ልጅ አፉን ከፍቶ ሲያያት ነበር። ወረቀቱ ላይ ፈረመች።

ሾፌሩ ከምሳ በፊት መጣ። ሸሚዙ የአውቶቡሶቹ ሰማያዊ ነው፤ የአሮጌ መነጽሩ አንድ ዘንግ በሽቦ ታስሯል። ሚሊሜትር አዲሱን በሁለት እጇ አደረገችለት፣ ከጆሮው ኋላ አስተካከለች፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ እንደ ሠዓሊ አየችው። ሰውየው በበሩ በኩል ከመንገዱ ማዶ ያለውን የመድኃኒት ቤት ጽሑፍ ተመለከተ። አንገቱን አዘነበለ። እንደገና ተመለከተ።

«ልጄ፣ ያዞረኛል ልበል? ወለሉ ወደ እኔ የመጣ መሰለኝ።»

ሚሊሜትር ወደ ተማሪዎቹ ዞረች። «ይህን ጻፉ። አዲስ መነጽር ያደረገ ሁሉ እንደዚህ ይላል። ደንበኛ ባጉረመረመ ቁጥር ከደነገጣችሁ በዚህ ሥራ አትቆዩም።» ከዚያ ድምጿን አለስልሳ ወደ ሾፌሩ ተመለሰች። «ይለምዱታል አባባ። አንድ ሳምንት ይታገሱት።»

«ቀኝ ዓይኔ ግን ደህና ነበር እኮ። አሁን እሱ ነው ጭጋግ የሆነብኝ።»

«ዓይን ሰነፍ ነው አባባ። አዲስ ሥራ ሲሰጡት እንደ ወር ደመወዝተኛ ያጉረመርማል።»

ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ ካልሽማ! እኔ መሪ እንጂ ዓይን አላውቅ። ይህን አሮጌ ጣይልኝ።»

አሮጌውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ እግሩን ከፍ አድርጎ አነሳ፤ ደረጃ ያለ መስሎት። ደረጃ የለም። እግሩ አየር ላይ ትንሽ ቆይቶ ዱብ አለ። ሰውየው ማንም እንዳላየው ገምቶ ሸሚዙን አስተካክሎ ሄደ።

ዝምተኛዋ አይታዋለች። ሚሊሜትርም አይታዋለች። አይታ፣ አሮጌውን መነጽር መሳቢያ ውስጥ ጣለችና ተማሪዎቹን ለምሳ አሰናበተቻቸው።

ምሳዋን ሳትጨርስ እናቷ ደወለች።

«እንዴት ነው ተማሪዎችሽ?»

«ደህና ናቸው እማ።»

«ይሰሙሻል?»

«ባይሰሙኝ የት ይገባሉ።»

«እሰይ! ያቺ ‹ልጅሽ ኮሌጅ ሳትገባ ቀረች?› እያለች የምታቃጥለኝ ሴትዮ ጠዋት አገኘችኝ። ‹እሷ ብትቀር ኮሌጁ ራሱ እግሩን አንስቶ መጣላት› አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሄደች። ጋውኑን አላቆሸሽውም አይደል?»

«አላቆሸሽኩትም።»

«ድምፅሽ ምነው?»

«እየበላሁ ነው እማ።»

ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ ላይ የቀረው አየር ላይ የቆመው እግር ነበር። ሁሉም ሰው ሲለምድ ይደነቃቀፋል አለች ለራሷ። ይህን ለራሷ ሦስት ጊዜ ደገመችው።

ከምሳ በኋላ ተማሪዎቹ የቀን ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ያዩትን ጽፈው እሷ ትፈርምበታለች፣ ጋሼ ማኅተም ያሳርፍበታል፣ የኮሌጁ መምህር ያነበዋል። የረጅሙን ልጅ ቀድማ አነበበች። «ባለሙያዋ እጅግ ልምድ ያላቸውና ቀልደኛ ናቸው» ይላል። ደስ አላት፤ ፈረመች። ባለ ቀይ ቦርሳዋ ግማሽ ገጽ ሙሉ ስለ ክፍሉ ንጽሕና ጽፋለች። ፈረመች። ሁለቱ ከመጋረጃው ወዲያ ፍሬም እየሞከሩ ሊሳሳቁ ወጡ። ሦስተኛውን ደብተር ገለጠች።

ጽሑፍ ብቻ አልነበረም፤ ሥዕልም ነበረው። ትሪው ከሁለት ጎድጓዳው ጋር ቁልጭ ብሎ ተስሏል፤ በላዩ የሚዞር ቀስት አለ። ከሥሩ በደቃቅ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«3፡40፤ ትሪውን ለእኛ አዞሩት። አልመለሱትም። የቀኙ ሌንስ በግራው ቅርጽ ተሞረደ። የግራው በቀኙ። ጠየቅኩ። 4፡35፤ በማሽን አልተለካም። ተፈረመ። 5፡10፤ ደንበኛው ቀኝ ዓይኔን ጭጋግ ሆነብኝ አሉ። ይለምዱታል ተባሉ። ጥያቄ፦ ይለመዳል?»

ሚሊሜትር ዓይኗን ጨፈነች። እጇ ያስታውሳል። ትሪውን ገፋ አድርጎ ሲያዞረው፣ ከዚያ በአየር ላይ ሲጫወት፣ ከዚያ እንደ ሁልጊዜው በቀኝ በኩል ያለውን ሲያነሳ። ሲመልሰው አያስታውስም። አልመለሰውማ።



መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ሾፌሩ አልነበረም። በኋላ ያሳፈራት ከስሕተቱ ይልቅ ይኸው ነው። መጀመሪያ ያሰበችው ስለ አዲሱ ቅርንጫፍ ነው። ቀጥሎ ስለ እናቷና አንገቷን ደፍታ ስለሄደችው ሴትዮ። ሾፌሩ በሦስተኛ ደረጃ መጣ፤ ያውም አፏ ከተናገረ በኋላ።

«ይህን ገጽ ቅደጂው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እ?»

«ቅደጂውና እንደ ጓደኞችሽ ጻፊ። እነሱ ያዩትን አላየሽም?»

ዝምተኛዋ አልተከራከረችም። ከጠረጴዛው ላይ ማስመሪያውን አነሳች፤ የሚሊሜትርን የራሷን ማስመሪያ። የገጹ ጠርዝ ላይ አስተካክላ ይዛ፣ ፀጉር በምታህል ቀጥታ መስመር ቀደደችው። የተቀደደውን በሁለት እጇ አቀረበችላት። አዲስ ገጽ ገልጣ እስክሪብቶዋን አዘጋጀች።

«ምን ብዬ ልጻፍ ቲቸር?»

ሚሊሜትር ፊቷን አየችው። ፌዝ ፈለገችበት። ቢኖር ኖሮ ትድን ነበር፤ ለፌዝ መልስ አታጣም። የለም። ልጅቷ የምር ነው የምትጠይቀው። የመጣችው የሚነግሯትን ልትማር ነው፤ ይኸው እየተማረች ነው።

እኒያ ሽማግሌ ባለሙያ ትዝ አሏት። መጥረጊያ እንደያዘች ከኋላቸው «ይሄ ለምንድነው?» ስትላቸው ማሽኑን ያቆሙ ነበር። እየሠራ ያለውን ማሽን፣ ውኃው እየረጨ፣ ደንበኛ ሱቅ ውስጥ እየጠበቀ። ሁልጊዜ ጥያቄዋ ትክክል ስለነበረ አይደለም፤ አብዛኛው የጅል ጥያቄ ነበር። ግን ያቆሙት ነበር። እሷ ዛሬ ቁልፉን ተጫነች፤ እንዳይሰማ።

«ምንም አትጻፊ» አለች። «ቆይ።»

የሾፌሩ ስልክ ማዘዣው ላይ አለ። ደወለች። ብዙ ጠርቶ ተነሳ፤ ከኋላው የሞተር ጫጫታ ይሰማል።

«አባባ፣ ከመነጽር ቤት ነው።»

«አይ የኔ ልጅ! ተጨንቀሽ ነው የደወልሽው? እየለመድኩት ነው፣ አታስቢ። ምሳ ላይ ብርጭቆ ላነሳ ስል እጄ አጠገቡ አረፈ። ጓደኞቼ ‹ዛሬ ምን ጠጥቶ ነው› እያሉ ሞቱ በሳቅ። ዕድሜ ነው ባክሽ፤ መነጽሩማ ምን አደረገ።»

«የት ነዎት አሁን?»

«ዴፖ ነኛ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተረክቤ እወጣለሁ።»

የግድግዳው ሰዓት ስምንት ከሃያ ይላል። «ትንሽ የማስተካከያ ሥራ ቀርቶት ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ማራኪ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማንንም አይጎዳ። ሰውየው መነጽሩን ያወልቃል፣ አዲስ ሌንስ ይሞረዳል፣ «እንዴት ደግ ናት» ይባልላታል። ዝምተኛዋ እስክሪብቶዋን ባዶው ገጽ ላይ እንደያዘች ናት።

«አይልመዱት አባባ።»

«ምን አልሽ?»

«አይልመዱት። አሁኑኑ ያውልቁት። ቀኙንና ግራውን አቀያይሬ ነው የሠራሁት። ዕድሜም አይደለም፣ እርስዎ ምንም አልሆኑም። እኔ ነኝ።»

ቢሳደብ ደስ ባላት።

«ቀኝ ዓይኔ ደህና ነበር ብዬሽ ነበር እኮ» አለ ሾፌሩ፤ በቁጣ ሳይሆን ነገሩን ከራሱ ጋር እያስታረቀ።

«ብለውኝ ነበር።»

«እና ተሳፋሪውን ዛሬ በምን ልንዳ?»

«አሮጌውን አልጣልኩትም። አስሬ አመጣለሁ። እስክመጣ መሪ አይያዙብኝ።»

«እንደው መሪ ከያዝኩ በኋላ ደውለሽ ቢሆን…» አለና ተወው። «በይ ነይ።»

ከመሳቢያው አሮጌውን አወጣች። ሽቦውን ቆርጣ ጣለች፣ ትክክለኛውን ብሎን ፈልጋ አሰረችው። ብሎኑ ሁለት ጊዜ ወደቀባት። ሁለተኛውን ጊዜ ዝምተኛዋ ከወለሉ አንስታ ያዘችላት። ሌንሱን አጥባ ከጨረሰች በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ መለኪያው ላይ አወጣችው። ቀኙን አነበበች፣ ግራውን አነበበች፣ ከማዘዣው ጋር አስተያየች፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ለዛሬ ያስነዳል። ወረቀቱ ላይ የነበረውን የጠዋት ፊርማዋን በአንድ መስመር ሰረዘችው።

ከዚያ የተቀደደውን ገጽ አነሳች። ደብተሩን ወደ ራሷ ስባ ገጹን በቦታው አስገብታ በፕላስተር ለጠፈችው። ጠርዙ ግጥም አለ፤ ልጅቷ ስትቀድ ያጠፋችው አንዲት ሚሊሜትር የለም። «ጥያቄ፦ ይለመዳል?» ከሚለው ሥር «አይለመድም» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ሌላ መጻፍ…»

«ዝም በይ» ካለች በኋላ አፏን ያዘች። «አይ፣ ዝም አትበይ። ጠዋት እንዳልኩሽ አይደለም። ሁለተኛ ዝም አትበይ።» ይቅርታ የሚለውን ቃል አፏ አልለመደውም። «ቦርሳሽን ያዢ። አብረን እንሄዳለን።»

ጋሼ ሱቁ ውስጥ ከረጅሙ ልጅ ጋር ይጫወት ነበር። ማኅተሙንና የቀለም ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቷል። ሁለቱን ደብተሮች ሳያነብ መትቷቸዋል። ዝምተኛዋን ልጅ ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«አምጪው እኔ ልምታ። ሚሊሜትር ከፈረመችበት እኔ ምን አነባለሁ።»

ይህ በር ነው። ክፍት በር። ደብተሩን ዘግታ ብትሰጠው ማኅተሙ ሽፋኑ ላይ ያርፋል። ኮሌጁ ሲያነበው ያነበዋል፣ ያኔ ቅርንጫፉም ቁልፉም እጇ ውስጥ ይሆናል።

ሚሊሜትር ደብተሩን ከልጅቷ ተቀብላ በተለጠፈው ገጽ ላይ ገልጣ ከፊቱ አስቀመጠችው።

«ይህን ያንብቡት ጋሼ። ከዚያ ከፈለጉ ይምቱት።»

ጋሼ ሳቁ ገና ከንፈሩ ላይ እያለ ከደረት ኪሱ መነጽሩን አወጣ። እሱንም የሠራችው እሷ ናት። አደረገው፣ ገጹን ትንሽ አራቀ፣ ማንበብ ጀመረ። ማኅተሙ በቀኝ እጁ አየር ላይ ነው። ረጅሙ ልጅ ከትከሻው በላይ አጮልቆ አየ፤ ጠዋት የሳቀው ሳቅ አሁን የት እንደሚቀመጥ የጠፋው መሰለ።

ሚሊሜትር በነጩ ጋውኗ እንዳለች፣ አሮጌውን መነጽር በመዳፏ ይዛ ወደ በሩ ሄደች። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል፣ ዴፖው ሩቅ ነው። ከኋላዋ ገጽ ሲገለጥ ሰማች። ማኅተሙ ሲያርፍ የሚሰጠውን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ግን ማረፍ አለማረፉን ለመስማት አልቆመችም። ደረጃ የሌለበትን ደፍ ተሻግራ፣ ልጅቷ እንድትደርስባት እርምጃዋን ቀነሰችላት።